ደገዛን ሳናውቅ ስለ ደገዛ ልናስተምር?

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ነው።

በማስተማር ልምምድ ሳምንት ከእኛ አንዱ ስለ ነፍሳት ለማስተማር ሰሌዳው ላይ በባለ ቀለም ጠመኔ ትልቅ ፌንጣ ሣለ። ራስ፣ ደረት፣ ሆድ፣ ስድስት እግር፣ ሁለት ጥንድ ክንፍ እያለ በቀስት አመለከተ። ሌሎቻችን ከኋላ ተቀምጠን እንደ ደንቡ ማስታወሻ እንይዛለን። ሥዕሉ እውነትም ያምር ነበር። ልጆቹም ወደ ደብተራቸው ይገለብጣሉ። በመሐሉ ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ጋሼ፣ ይኼ አንበጣ ነው ደገዛ?» ብሎ ጠየቀ።

ጓደኛችን ትንሽ አሰበና «ሁሉም ያው አንድ ናቸው» ብሎ ሊያልፈው ሞከረ። ልጁ ግን አልተቀመጠም። «ኧረ ጋሼ፣ ደገዛ እኮ አይበርም! ቀንዱም ረጅም ነው» አለ። ክፍሉ ሳቀ። የሳቁት በልጁ ይሁን በእኛ እስከ ዛሬ አልለየንም።

አሥራ ሁለት ዓመት ተምረን፣ የባዮሎጂ ፈተና አልፈን፣ ነገ መምህራን ነን ብለን የተቀመጥን ሰዎች አንድ እረኛ ልጅ ያወቀውን አላወቅንም። ልጁ በሁለቱም ነጥብ ትክክል እንደ ነበር የተረዳነው ማታ ቤተ መጻሕፍት ገብተን ስናገላብጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንል የፈለግነው አጭር ነው፦ የአገራችንን ነፍሳት በሥዕል ብቻ ሳይሆን በቦታቸው፣ በስማቸውና በድምፃቸው ማወቅ አለብን፤ አለዚያ በልጆቹ ፊት መቆማችን ለይስሙላ ነው።

በመጀመሪያ የልጁን ጥያቄ እንመልስ። አንበጣና ተራው ፌንጣ ቀንዳቸው አጭር ነው። ጆሯቸው በሆዳቸው ጎን ነው የሚገኘው። ከእነርሱ መካከል ድምፅ የሚያሰሙት ብዙዎቹ የኋላ እግራቸውን ከክንፋቸው ጋር እያፋተጉ ነው። ደገዛ ግን ከሌላ ቤተሰብ ነው፤ የቁጥቋጦ ፌንጣ ከሚባለው። የዚህ ቤተሰብ ቀንድ እንደ ክር ቀጭን ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከገላው ይረዝማል። ጆሮው ደግሞ የት ቢሆን ጥሩ ነው? የፊት እግሩ ላይ፣ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ! ሴቷ ከኋላዋ እንደ ጎራዴ የሾለ ነገር አላት። ብዙ ሰው መውጊያ ይመስለዋል፤ ግን እንቁላል መጣያዋ ነው።

ልዩነቱ የመጽሐፍ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. አገራችንን የወረረውን የበረሃ አንበጣ ሁላችንም እናስታውሳለን። የአንበጣ መንጋ በነፋስ እየተረዳ በአንድ ቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። ስለዚህም የሚጠበቀው ከድንበር ማዶ ጀምሮ ነው። ደገዛ ግን ክንፉ አጭር ስለሆነ አይበርም፤ በእግሩ ነው የሚሄደው። እንቁላሉን በአፈር ውስጥ ይጥላል። የተፈለፈለውም በዚያው አካባቢ አድጎ ፍሬ መያዝ የጀመረውን ገብስ፣ ስንዴና ጤፍ ይበላል። አንዱ ከሰማይ የሚወርድ እንግዳ ነው፤ ሌላው ከማሳው ዳር የተወለደ ጎረቤት። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ጥበቃ አይሠራም። ታዲያ «ሁሉም ያው አንድ ናቸው» ብሎ ማስተማር ምን ያህል ጥፋት እንደሆነ ተመልከቱ!

አሁን ወደሚያስደንቀው እንምጣ። ደገዛ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም። የሚኖረው በሰሜኑ ደጋችን፣ በተለይም በወሎና በትግራይ ነው። ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ስም አውጥቶለት ሲታገለው ኖሯል። ሳይንስ ግን ስም የሰጠው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። የሰጠው ሰው በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሠራ የነበረው የነፍሳት ሊቅ ዴቪድ ራግ ሲሆን ስሙም ዴክቲኮይደስ ብሬቪፔኒስ ነው። የመጀመሪያው ቃል «ዴክቲከስን የሚመስል»፣ ሁለተኛው ደግሞ «አጭር ክንፍ» ማለት ነው። ያ ልጅ «አይበርም» ያለው ነገር በላቲንም ተጽፎ ተገኘ።

እንግዲህ ደገዛ የሚመስለው ያ ዴክቲከስ ማን ነው? በአውሮፓ የሚኖር፣ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ወፍራም የቁጥቋጦ ፌንጣ ነው። እንግሊዞች «ኪንታሮት ነካሽ» ይሉታል። የስዊድን ገበሬዎች በእጃቸው ላይ ኪንታሮት ሲወጣ ይህን ነፍሳ ይዘው ያስነክሱት ነበር። ታላቁ የስዊድን ሊቅ ካርል ሊኔየስም በ1758 እ.ኤ.አ. ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት ይህንኑ የገበሬ ልማድ በስሙ ውስጥ አስገባው። ሊኔየስን የሚያህል ሰው ከገበሬ አፍ ለመማር አልኮራም። እኛስ?

ይህ ነፍሳ በእንግሊዝ አገር ዛሬ ብርቅ ሆኗል። የሚገኘው በደቡብ ባሉ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው፤ አንዱ በብራይተን ከተማ አቅራቢያ ያለው ካስል ሂል የሚባለው የተጠበቀ ሣር መሬት ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ስሙን ጠርቶ ይጠብቀዋል። በለንደን መካነ እንስሳት እያረቡ ወደ ሜዳ የመመለስ ሥራም ተሠርቷል። ለምን አነሰ ቢባል ኑሮው አስቸጋሪ ነው። እንቁላሉ በዚያ አገር ቢያንስ ሁለት ክረምት አፈር ውስጥ ይቆያል። እንቁላል ለመጣል ራቁት መሬት፣ ለመሞቅ አጭር ሣር፣ ለመደበቅ ደግሞ ረጅም ሣር በአንድ ቦታ ይፈልጋል። ከብት በልክ ካልጋጠው ሣሩ ይውጠዋል፤ ከልክ በላይ ከተጋጠ ደግሞ መደበቂያ ያጣል። ስለዚህ የሚጠብቁት ሰዎች የግጦሹን መጠን በጥንቃቄ ይወስናሉ።

ታዲያ በሣር ውስጥ የተሸሸገ አረንጓዴ ነፍሳ እንዴት ተገኝቶ ይቆጠራል? በዘፈኑ! ወንዱ ፀሐይ ሞቅ ሲል ብቻ ይዘፍናል። ድምፁ ብስክሌት ሳይነዱት ሲንከባለል ጎማው እንደሚያሰማው ቅጭ ቅጭ ያለ ነው። ቆጣሪዎቹ በሞቃት ቀን ሜዳውን እየዞሩ የዘፈነውን ወንድ በጆሮ ይመዘግባሉ። ዓይን የማይደርስበት ቦታ ጆሮ ይደርሳል።

የቁጥቋጦ ፌንጣ ሲዘፍን ጉሮሮ የለውም፤ መሣሪያው ክንፉ ነው። የግራውን የፊት ክንፍ ከቀኙ በላይ ይደርባል። በግራው ክንፍ ሥር እንደ ሞረድ ጥርስ ጥርስ ያለው ጅማት አለ። የቀኙ ክንፍ ጠርዝ ያንን ሲፍቀው ድምፅ ይወጣል፤ በክንፉ ላይ ያለው ስስ መስተዋት መሳይ ቆዳ ደግሞ ያጎላዋል። ማሲንቆ ሲመታ ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም፦ ደጋኑ ጭራውን ይፍቃል፣ ቆዳው ድምፁን ያወጣል። ክንፋቸው ለበረራ የማይበቃ ብዙ ዓይነቶች እንኳ ለዘፈን የምትበቃ ያህል ክንፍ ቀርታቸዋለች።

ዘፈኑ የሠርግ ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ ምት አለው፤ ሴቷም የምትሄደው የወገኗን ምት ሰምታ ነው። ይህን ዮሐን ሬገን የተባለ መምህር በ1913 እ.ኤ.አ. በቀላል ነገር አረጋግጧል። የሜዳ ፌንጣ ወንድ በአንድ ክፍል ሲዘፍን ድምፁን በስልክ ወደ ሌላ ክፍል አስተላለፈ። ሴቷም ወደ ስልኩ ማዳመጫ ሄደች። ሽታውን ሳታሸት፣ መልኩን ሳታይ፣ በድምፅ ብቻ! ልብ በሉ፤ ሬገን በትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ነበር።

ጥሎሽም አለ። ወንዱ ዘሩን ሲሰጥ ከዘሩ ጋር የሚበላ ነገር ለሴቷ ይሰጣል፤ እርሷም ትበላዋለች። በሰሜን አሜሪካ «የሞርሞን ፌንጣ» የሚባለው፣ እንደ ደገዛ የማይበርና ሰብል የሚያጠፋ ዘመዱ፣ የሚሰጠው ጥሎሽ ከክብደቱ ሩብ ያህል ይሆናል። ዳሪል ግዊን የተባለ ተመራማሪ በ1981 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው ምግብ በጠፋበት ቦታ ነገሩ ይገለበጣል፦ ሴቶቹ በወንዱ ይጣላሉ፤ መራጩም ወንዱ ይሆናል። እንዲህ ያለ ታሪክ እያለ ልጆቻችን ስለ ነፍሳት «ራስ፣ ደረት፣ ሆድ» ብቻ ብለው ቢሰለቻቸው ምን ይፈረዳል?

ሁሉም ዘፈን ለሰው ጆሮ አይደለም። ሰው የሚሰማው እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ከደቡብ አሜሪካ የዝናብ ደን የተገኘ «ሱፐርሶነስ» የተባለ የቁጥቋጦ ፌንጣ ግን እስከ 150 ኪሎ ኸርዝ ይዘፍናል። አልሰማንም ማለት አልተዘፈነም ማለት አይደለም። መዝፈን ደግሞ አደጋ አለው። ሴቷ የሰማችውን የሌሊት ወፍም ይሰማዋል። ሙሽራ ለመጥራት የወጣ ስንቱ እራት ሆኖ ቀርቷል።

ለምን ግን አንዳንዱ ዓይነት በጠባብ ቦታ ብቻ ይገኛል? ዋናው ምክንያት ያ ልጅ የተናገረው ነው፦ አይበርም። ክንፍ የሌለው ፍጥረት ገደል አይሻገርም፣ ቆላ ወርዶ ሌላ ደጋ አይወጣም። በባልካንና በቱርክ ተራሮች የሚኖረው ፖኢሲሊሞን የሚባል ወገን አጭር ክንፍ ያላቸው ከመቶ በላይ ዓይነቶች አሉት፤ አንዳንዱ ከጥቂት ተራሮች አልፎ አይገኝም። በመልክ የሚመሳሰሉትን ባለሙያዎች የሚለዩአቸው በዘፈናቸው ጭምር ነው። የእኛን አገር አስቡት። ከአንዱ ደጋ ወደ ሌላው ለመሻገር ግማሽ ቀን ቁልቁል ግማሽ ቀን ሽቅብ የሚያስኬድ ሸለቆ ያለበት አገር ነው። እንዲህ ያለ መሬት በእግር ለሚሄድ ፍጥረት እንደ ባሕር ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። ይህን ሐሳብ በመኝታ ክፍላችን ስናነሣ አንድ ጓደኛችን በጣም ተቆጣ። «እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ» አለ። «ደገዛ የአባቴን ገብስ ሲጨርሰው አይቻለሁ። እናቴ እህል ስትበደር አይቻለሁ። እናንተ ደግሞ ዘፈኑ አማረ፣ ጥሎሹ ደነቀ ትላላችሁ። ይጥፋ! ምን ይሠራል?» አለን። ሁላችንም ዝም አልን። እውነቱን ነውና። የተራበ ሰው ፊት ስለ ነፍሳ ዘፈን ማውራት ነውር ነው።

ሌሊቱን ስናስበው አድረን ግን መልስ አግኝተናል፤ መልሱም ለእርሱም ለአባቱም የሚጠቅም ይመስለናል። እኛ ደገዛ ከገበሬው ማሳ አይነካ አላልንም። ያልነው ይታወቅ ነው። የሚበር ጠላት ሲመጣ ከሩቅ ይወራለታል፤ መንግሥትም ዓለምም ይነሣል። በእግሩ የሚሄድ ጠላት ግን በየማሳው፣ በየድንበሩ ነው መታየት ያለበት። ዘንድሮ የት ተፈለፈለ? የት መዝፈን ጀመረ? የዘፈነው ወንድ ያደገ ወንድ ነው፤ ወንዱ አደገ ማለት ደግሞ እንቁላል የሚጣልበት ጊዜ ተቃረበ ማለት ነው። ይህን በየቀበሌው ማን ይከታተል? የግብርና ባለሙያዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሰፈሩ ብዙ። ትምህርት ቤት ግን በየቀበሌው አለ። ሃምሳ ልጅ ያለበት አንድ ክፍል መቶ ጆሮ ነው!

ሌላም አለ። ሳያውቁ መድኃኒት መርጨት ንብንም ይፈጃል፤ ማር የሚያጣውም ያው ገበሬው ነው። ከደገዛ አጠገብ የሚኖሩ፣ እህል የማይነኩ፣ እንዲያውም ሌሎች ነፍሳትን የሚበሉ የቁጥቋጦ ፌንጣዎች አሉ። እነርሱም «ደገዛ» ተብለው ያልቃሉ። ከመካከላቸው በአንድ ተራራ ላይ ብቻ የሚኖር፣ ገና ስም ያልወጣለት ቢኖርስ? እርሱ ጠፋ ማለት ከዓለም ጠፋ ማለት ነው። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ ይባላል። ሳያጣሩ መርጨትም እንደዚያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ያቆስላል። ለደገዛ ሳይንሳዊ ስም የሰጠው ራግ ከባልደረባው ከሬይኖልድስ ጋር በ1998 እ.ኤ.አ. የምዕራብ አውሮፓን ፌንጣዎች ዘፈን የሚመለከት ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል፤ ከድምፅ ቅጂ ጋር። ከፈረንሳይ ሜዳ እስከ ስፔን ተራራ የሚዘፍነው ሁሉ ተመዝግቧል። እርሱ የአገሩን ጎረቤቶች ድምፅ ሰበሰበ፤ አበጀ። የእኛን ጎረቤት ድምፅ የመሰብሰብ ዕዳ ግን የማን ነው? የእርሱ ወይስ የእኛ?

ሁለተኛው ምሳሌ ደግሞ እዚሁ ማሠልጠኛችንን ይነካል። ፕሮፋላንጎፕሲስ ኦብስኩራ የሚባል የፌንጣዎች የሩቅ ዘመድ አለ። በ1869 እ.ኤ.አ. የተገለጸው በአንዲት ወንድ ናሙና ነው፤ እርሷም በለንደኑ ሙዚየም ትገኛለች። ከሕንድ ከመምጣቷ በቀር ትክክለኛ ቦታዋ አልተጻፈም። ስለዚህ ወንድሞቿን የት ሄዶ መፈለግ እንደሚገባ ለማወቅ አስቸገረ። በ2022 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የክንፏን ቅርጽ በረቂቅ መሣሪያ መርምረው ዘፈኗ 4.7 ኪሎ ኸርዝ ገደማ እንደነበር አስልተው አወጡ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ዝም ያለች ፍጥረት ድምፅ አገኘች። ክንፏ ስለተጠበቀ ዘፈኗ ታወቀ፤ ቦታዋ ስላልተጻፈ ግን አገሯ ጠፋ።

አሁን የእኛን ላቦራቶሪ እንመልከት። በመስተዋቱ ሣጥን ውስጥ በስፒል የተሰኩ ነፍሳት አሉ። ማን ሰበሰባቸው? መቼ? ከየት? መለያ ወረቀታቸው ወይ ወድቋል ወይ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ከእኛ በፊት የነበሩ ዕጩ መምህራን ደክመው የሰበሰቡት ዛሬ የግድግዳ ጌጥ ሆኗል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ እኛም ባለፈው ወሰነ ትምህርት ሁለት ፌንጣ ስንሰካ ምንም አልጻፍንም።

እንግዲህ ትችት ብቻ እንዳይሆን ሐሳባችንን እንዘርዝር።

አንደኛ፣ ዘንድሮ የሚሰካ ማናቸውም ነፍሳ መለያ ይኑረው፦ የሰብሳቢው ስም፣ ቀን፣ ቀበሌ፣ ደጋ ወይም ወይና ደጋ መሆኑ፣ የተገኘበት ሰብል ወይም ሣር፣ በአካባቢው የሚጠራበት ስም። ስድስት ቃል ለመጻፍ አንድ ደቂቃ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ አንድ ደብተር እንያዝ። አባቶቻችንንና እናቶቻችንን «ይኼ ምን ይባላል? መቼ ይወጣል? ምን ይበላል? መቼ ይጮኻል?» ብለን እንጠይቅ። ከየአካባቢው የመጣን ነን፤ ስንመለስ ደብተሮቹ ቢገጣጠሙ የሰሜኑ፣ የምሥራቁና የደቡቡ ካርታ በእጃችን ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ስልክ በየኪሳችን አለ። ሙዚቃ ብቻ እንዲዘፍንበት አናድርገው፤ የሣሩንም ዘፈን እንቅዳበት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ሙቀቱን አብረን እንጻፍ። ፌንጣ ሲሞቀው ፈጥኖ፣ ሲበርደው ዘግይቶ ይዘፍናልና ሙቀቱ ካልተጻፈ ምቱን ማወዳደር አይቻልም።

አራተኛ፣ ስለ ነፍሳት የምናስተምረው ትምህርት ከሰሌዳ ሳይሆን ከሜዳ ይጀምር። ልጆቹ ይዘው ይምጡ፣ እነርሱ ይሰይሙ፤ እኛ ከዚያ በኋላ ጠመኔ እናንሣ።

ባለፈው ሐሙስ ማታ አምስት ሆነን ከመኝታ ቤቱ ጀርባ ካለው ሣር ዳር ተቀምጠን አዳመጥን። መጀመሪያ የሰማነው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ቆየት ስንል ሁለት ሆነ፤ ከዚያ አራት። አንዱ ከሣሩ ሥር የማያቋርጥ፣ አንዱ ከአጥሩ ቁጥቋጦ እየቆየ የሚመለስ። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው አጠገብ ስንተኛ አንድም ቀን ለይተን ሰምተናቸው አናውቅም። ያ የተቆጣው ጓደኛችንም አብሮን ነበር። «ይኼኛው ደገዛ አይደለም» አለ በመጨረሻ። እንዴት አወቅህ ብንለው «አባቴ ማሳ ዳር ስንተኛ ያሳየኝ ነበር» አለን። በማግሥቱ የደብተራችን የመጀመሪያ ገጽ በእርሱ እጅ ተጻፈ።

ደብተሩ በሳይንስ ክፍሉ መስኮት ላይ ተቀምጧል፤ የፈለገ ይጻፍበት። በሚቀጥለው ወር ለልምምድ ወደዚያው ትምህርት ቤት እንመለሳለን። ከመጨረሻው ረድፍ ያለውን ያንን ልጅ ፊት ለፊት አስነሥተን «ትክክል ነበርክ» ልንለው ተስማምተናል። ቀጥሎም ትምህርቱን እርሱ ይጀምርልናል።